የሌላ ሰው ውሻ

ግቢ ከነውሻው የገዛ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሳልፈው በገዛ በሩ ላይ እየተጮኸበት ነው። ሻጩ ግን የረሳውን ጀሪካን ሊወስድ ድንገት ብቅ ቢል ያው ውሻ ጭራውን እየቆላ አጅቦ ያስገባዋል። ውሉ ላይ ገዥ ፈርሟል፣ ሻጭ ፈርሟል፣ እማኞች ፈርመዋል፤ ያልፈረመው ውሻው ብቻ ነው። ስለዚህም የቆላ ሰው ውሻ ሲረከብ ገመዱን ስለጨበጠ ብቻ ተረክቤያለሁ አይልም። አስሮ፣ በእጁ አብልቶ፣ ድምፁንና ጠረኑን አስለምዶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ማታ ማታ የሚፈታው። ይህን ሁሉ ጥበብ የምናውቅ ሰዎች፣ ውሻው የብረት ሣጥን ሆኖ ግድግዳ ላይ ሲሰቀልና ስሙ «አላርም» ሲባል እንዳልሰማን እንሆናለን። ቁልፍ ተቀብለን፣ ሣጥኑ ላይ ብልጭ የምትለዋን አረንጓዴ መብራት አይተን፣ «ይሠራል» ብለን እንተኛለን። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሌላ ሰው የገጠመውን ማንቂያ ስንረከብ፣ የሚታዘዝበትን ቁጥርና የገጣሚውን እውቀት አብረን ካልተረከብን፣ ግቢያችን ውስጥ ያሰርነው የሌላ ሰው ውሻ ነው።

ነገሩን ሳንጃ ላይ አስቀምጠን እንየው። ሳንጃ የታች አርማጭሆ ከተማ ናት፤ ከዚያ እስከ መተማና እስከ ሱዳን ድንበር የተዘረጋው ቆላ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ይበቅልበታል። ሰሊጥ ደግሞ ለሌባ የተመቸ ሀብት ነው። በሬ ቢሰረቅ «ቦቃ ነው፣ ቀንዱ ተሰብሯል» ተብሎ ምልክት ይነገርበታል፤ ኩንታል ሰሊጥ ግን ከሌላው ኩንታል ሰሊጥ በምን ይለያል? እናም መጋዘን ይሠራል፣ ዘበኛ ይቀጠራል፣ አቅም ያለውም አላርም ያስገጥማል። መጋዘኑ ሲሸጥ ወይም ለሌላ ነጋዴ ሲከራይ የርክክብ ዝርዝር ይጻፋል፦ ሣጥን ከነቁልፉ 1፣ የእንቅስቃሴ ሴንሰር 4፣ የበር ማግኔት 3፣ ሳይረን 1፣ ባትሪ 1። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነማ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ዕቃው በሞዴል 22 ወጥቶ በሞዴል 19 ይገባል፤ የሳይረኑ ብሎን ሳይቀር ይቆጠራል። ከዝርዝሩ የቀረችው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ አራት ወይም ስድስት አኃዝ ያላት የገጣሚው ኮድ። በእጅ አትያዝ፣ በሚዛን አትመዘን፣ ታዲያ በየትኛው ሞዴል ገቢ ትደረግ?

እንዲህ ያሉ ሣጥኖች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ኮድ አላቸው። አንደኛው የባለቤቱ ነው፤ ማታ ሲዘጋ ያበራዋል፣ ጠዋት ሲከፍት ያጠፋዋል፤ ሥልጣኑ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ሁለተኛው የገጣሚው ነው። የትኛው ሴንሰር የትኛውን በር እንደሚጠብቅ፣ በር ሲከፈት ስንት ሰከንድ ታግሦ እንደሚጮህ፣ ሲጮህስ ለማን እንደሚደውል የሚወሰነው በዚህኛው ነው። ጎንደርና አካባቢዋ ይህን ሥርዓት ከማንም በፊት ያውቁታል፤ በዘመነ መሳፍንት ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ሲታይ የሚያዝዘው፣ የሚያነግሠውና የሚሽረው እንደራሴው ነበር። የተረከብነው አላርም ላይ እኛ ንጉሡ ነን፤ እንደራሴው ግን ሌላ ከተማ ነው ያለው። አንዳንዱ ሣጥን ላይማ ገጣሚው አንዲት ትእዛዝ ከጨመረበት፣ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ልመልሰው ቢሉ እንኳ ያለ እርሱ ኮድ እሺ አይልም። የሚቀረው ቦርዱን አውጥቶ መጣል ነው።

እስቲ ሌሊቱን እናስበው። ሌባ የመጋዘኑን የኋላ መስኮት ገፋ እንበል። ሣጥኑ ውስጡ ባለችው ሲም ካርድ ይደውላል። ለማን? ከዓመታት በፊት ለተመዘገበለት ቁጥር። የቀድሞው ባለቤት ጎንደር ላይ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ እንደተኛ ስልኩን ያያል፤ «ይሄ መጋዘን ተሸጦም አልተወኝም» ይልና ድምፁን አጥፍቶ ይገለበጣል። አንዳንዴም ሲሟ በገጣሚው ስም የወጣች ትሆናለች፤ ሒሳብ የሚሞላላት አጥታ ከተዘጋች ቆይታለች። ያኔ ተስፋው ሳይረኑ ነው። ግን ሳይረኑ ሳምንቱን ሙሉ ሴንሰሩ ላይ በምትንፏቀቅ እንሽላሊት ምክንያት ሲጮህ ሰንብቷልና ጎረቤቱ ትራሱን ጆሮው ላይ አድርጎ ተኝቷል። አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲሉ ዘግይቶ የሚጮኸውን ነው የተረቱበት፤ ጅብ ሳይመጣ ሰባት ሌሊት ጮኾ በስምንተኛው የማይሰማውን ውሻ ግን አላዩትም።

ቆላው ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። የእንቅስቃሴ ሴንሰር ሌባን ለይቶ አያይም፤ የሚያየው በሰው ገላ ሙቀትና በዙሪያው ሙቀት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የሰው ገላ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሚያዝያ ወር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የዋለ መጋዘን ግድግዳው 37 ዲግሪ ላይ ሲደርስ፣ ሌባውና ግድግዳው ለሴንሰሩ ወንድማማቾች ይሆኑበታል። ደህናው ሴንሰር ይህን የሚያካክስበት ዘዴ ተሠርቶለታል፤ ርካሹ የለውም፤ የትኛው እንደተገጠመ የሚያውቀው የገጠመው ሰው ነው። ባትሪውም እንዲሁ ነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል የሚባለው የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ይህ ዕድሜ የተሰጠው በ25 ዲግሪ ታስቦ ነው፤ ሙቀቱ ከዚያ በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ደጋ ላይ ገና ጎልማሳ የሚባለው ባትሪ ሳንጃ ላይ ተዝካሩ ወጥቷል። መብራት እስካለ ድረስ ሞቱ አይታወቅም፤ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ትላለች። መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል፤ መብራት መጥፋቱን ደግሞ እንደ ሌባ ቶሎ የሚያውቅ የለም። ባትሪው መቼ እንደተቀየረ በዝርዝሩ ላይ ተጽፏል? «ባትሪ 1» ይላል። ሬሳም ቢሆን በቁጥር አንድ ነው።

የሚያሳዝነው እውቀት ማስረከብ ለቆላው ሰው እንግዳ አለመሆኑ ነው። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ማማ ይሠራል፤ ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ጠባቂ ይወጣል። ይህ ጠባቂ ተራውን ጨርሶ ሲወርድ ወንጭፉን ጥሎ አይሄድም። ግሪሳው በስንት ሰዓት እንደሚወርድ፣ ዝንጀሮው በየትኛው ሸለቆ ሾልኮ እንደሚመጣ፣ የማን ጥጃ አጥር መጣስ እንደለመደ ለተተኪው ነግሮት ነው የሚሄደው። ቴክኒሻን «ዞን» የሚለው ይህንኑ ነው፤ ዞን አንድ ግሪሳ፣ ዞን ሁለት ዝንጀሮ፣ ዞን ሦስት የጎረቤት ጥጃ። ሰሊጡንም እንየው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ወደ መጋዘኑ የሚገባ ሰሊጥ ናሙና ይወሰድለታል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይመዘናል፣ ባለቤቱም ደረሰኝ ይቀበላል። እንግዲህ ተጠባቂው በናሙና፣ በሚዛንና በደረሰኝ ሲረከብ፣ ጠባቂው «ያው እዚያ ግድግዳው ላይ ነው» ተብሎ በአገጭ ጥቆማ ይረከባል።

የማንቂያ ደወል ታሪክ ራሱ በርክክብ ነው የሚጀምረው። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የሌባ ማንቂያ አሜሪካዊው አውግስጦስ ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1853 በፈጠራ መብት አስመዘገበው፤ ንግድ ያደረገው ግን መብቱን በ1857 ከእርሱ የገዛው ኤድዊን ሆምስ ነው። ሆምስ የተረከበው ደወሉን ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ደወል ይዞ በቀረ ነበር፤ አሠራሩን ከነመብቱ ስለተረከበ ግን ከቦስተን ተነሥቶ ኒው ዮርክን በሽቦና በደወል ሞላት። የዚህን ተቃራኒ ለማየት ሩቅ አንሄድም፤ ሌባ ሻይ ነበረን። መድኃኒት የጠጣው ልጅ ናላው ዞሮ እየሮጠ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። መድኃኒቱን የሚያውቀው ባለሙያው ብቻ ነው፤ ተከሳሹ ልፈትሸው ቢል አይፈትሸውም፣ ባለሙያው ቢሞት ምሥጢሩ አብሮት ይቀበራል። ኮዱ በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ የሆነ ሲስተም ማለት ይህ ነው። ሌባ ሻይን ዛሬ ስናነሣው ፈገግ እንላለን፤ ግድግዳችን ላይ ያለውን ሣጥን ግን በምን ለይተነው ነው የምናምነው?

«ይህ ሁሉ ለአንድ መጋዘን?» የሚል ቢኖር፣ ከመጋዘን ከፍ ያለ ቤት ልጥቀስለት። አዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር አሠርታ በስጦታ ያበረከተችውና በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። ርክክቡ ያማረ ነበር፤ ሕንፃው ከነወንበሩ፣ ከነኮምፒውተሩ ተሰጠ። ከስድስት ዓመት በኋላ በጥር 2010 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ አንድ ዘገባ ይዞ ወጣ፦ ሕንፃው ውስጥ ማንም በሌለበት፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት፣ የኅብረቱ መረጃ ወደ ሻንጋይ ሲላክ ኖሯል፤ ይህም የታወቀው በ2009 ዓ.ም. ነው የሚል። ቻይና አስተባበለች፤ የያኔው የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሙሳ ፋኪ ማሃማትም ሐሰት ነው አሉ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ሮይተርስ የኅብረቱን የውስጥ ሰነድ ጠቅሶ፣ የግቢው የጥበቃ ካሜራ ምስሎች በመረጃ ሰርሳሪዎች ይወሰዱ እንደነበር ዘገበ፤ ቻይና ይህንንም አልተቀበለችም። ዳኝነቱ የእኔ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ 50 የሚበልጡ አገሮች የጋራ ቤት፣ በገዛ ግቢው ሌሊት የሚሆነውን በተመለከተ ዓለም በወሬ ሲከራከርበት መኖሩ ነው። ገጥሞ የሰጠን ሰው ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ ሲስተሙን በራሳችን እጅ ፈትሸን ካልተረከብነው ንጽሕናውን ልንመሰክርለት አንችልም። ያልተሟላ ርክክብ ሰጪውንም ያማል።

ሌላ ማስረጃ ልጨምር፤ ይህኛው ርካሽ ካሜራ ያለው ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ነው። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ለብዙ ሰው አልከፈት አሉ። ጥቃቱ የመጣው በመላው ዓለም ከሚገኙ የጥበቃ ካሜራዎች፣ የምስል መቅረጫዎችና የመሳሰሉት ተራ ዕቃዎች ነበር። ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም የተጠቀመው ረቂቅ አስማት አልነበረም፤ ፋብሪካው የሰጣቸውን 60 ገደማ የስምና የፓስወርድ ጥንዶች በተራ እየሞከረ ነው በየቤቱ የገባው። ባለቤቶቹ ካሜራውን ገዙ፣ ሰቀሉ፣ ፓስወርዱን ግን እንደተወለደ ተዉት። ሌባን ይጠብቃል የተባለው ውሻ ሌሊት ሌሊት ሰንሰለቱን ፈትቶ ከሌቦቹ ጋር ሲዘምት ባለቤቱ አልሰማም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ እዚህ ግን ያልጠረጠረው አንዱ ሆኖ የተመነጠረው ሌላው ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንለፍ። የመጀመሪያው ከወዳጅነት የሚመነጭ ነው፦ «ገጣሚው የታወቀ ልጅ ነው፤ ኮዱን ቀይርልኝ ማለት ሌባ ነህ ማለት አይሆንም?» አይሆንም፤ እንዲያውም ልጁን የሚጠቅመው መቀየሩ ነው። ድሮ አገር ቤት አንድ ነገር ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሌባው እስኪገኝ ሁሉም ተጠርጣሪ ነው። ዛሬ መጋዘን ቢዘረፍና ሣጥኑ በኮድ ተዘግቶ ቢገኝ፣ አውጫጭኙ ውስጥ የሚቀመጡት ኮዱን የሚያውቁት ብቻ ናቸው። ያ የታወቀ ልጅ ኮዱን በእማኝ ፊት አስቀይሮ ከሄደ ሌሊቱን ቤቱ ተኝቶ ማደሩ ይበቃዋል፤ ካላስቀየረ ግን ቤቱ ተኝቶ ማደሩን ማስረዳት አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገጣሚው የራሱ ነው፦ «ኮዱ የሥራዬ ምሥጢር ነው፤ ባለቤቱ ከነካካው በኋላ ተበላሸ ብሎ እኔ ላይ ይመጣል።» ይህ እውነት አለበት። ከዚህ የበለጠ እውነትም አለ፤ ብዙ ገጣሚ በየደንበኛው ቤት የሚያስገባው አንድ ዓይነት ኮድ ነው፤ ለአንዱ ከነገረ የሁሉንም በር ከፈተ ማለት ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። የራሱን ኮድ አይንገረን፤ ሣጥኑን ወደ ፋብሪካው ቁጥር መልሶ ያስረክበን፣ አዲሱን እኛ እናስገባ፣ ከዚህ ቀን በኋላ ያለው ጥፋት የእኛ ነው ብለንም እንፈርምለት። ዕቃውን አከራይቶን ከሆነ የእርሱ ነውና ነቅሎ ይውሰደው። ሸጦልን ከሆነ ግን ነገሩ ተጨርሷል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ የሸጠውን ነገር ከነተጓዳኙ እንዲያስረክብ ነው የሚፈልገው። በቅሎ ሸጦ ልጓሙን ኪሱ የሚከት ሰው በየትኛውም ገበያ ጤነኛ አይባልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአዲሱ ቴክኒሻን አፍ የሚወጣ ነው። ገና መሰላሉን ሳይወጣ «ይሄን የገጠመው ማነው?» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ቀጥሎም «ሁሉም ተነቅሎ እንደ አዲስ ነው» ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ማላከክ በሙያው ውስጥ እንደ መግቢያ ጸሎት ሆኗል። ሁሉን መንቀል አንዳንዴ ተገቢ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ለገበያ ነው። የአላርም ድካሙ ያለው ሽቦው ላይ ነው፤ ግድግዳ ተበስቶ፣ ኮርኒስ ተወጥቶ የተዘረጋ ሽቦ ደህና እስከሆነ ድረስ የማንም ሣጥን ቢሰካበት ይሠራል። የበሩ ማግኔትና ሳይረኑም ጌታ አይመርጡም። ኮዱ የጠፋበትና እምቢ ያለው ሣጥን ቢቀየር እንኳ የሚቀየረው ራሱ እንጂ ቤቱ ሁሉ አይደለም። ሐቀኛው ቴክኒሻን «ይነቀል» ከማለቱ በፊት እያንዳንዱን በር ከፍቶ ዘግቶ፣ የትኛው ሽቦ ከየት እንደሚመጣ በወረቀት የሚጽፈው ነው። ያቺ ወረቀት ከሣጥኑ ዋጋ ትበልጣለች፤ ለሚቀጥለው ተረካቢ የምትቀር ብቸኛ ምላስ ናትና።

የመጨረሻው ተቃውሞ የዋዛ አይደለም፦ «እኛ አገር ዘበኛ አለ፣ ውሻ አለ፣ የእሾህ አጥር አለ፤ አላርሙን ምን አመጣው?» በአንድ በኩል ልክ ነው። ዘበኛ ባትሪው ሲያልቅ ያንቀላፋል እንጂ አይሞትም፤ ሌባንና እንሽላሊትንም ይለያል። ግን ዘበኛውም ቢሆን ካልተረከቡት ያው ነው። ከቀድሞው ጌታ ጋር አሥር ዓመት የኖረ ዘበኛ፣ የቀድሞው ጌታ የአጎት ልጅ በሌሊት ጭነት መኪና ይዞ ቢመጣ «ቤተኛ ናቸው» ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትለታል፤ ማን ቤተኛ እንደሆነ የነገረው አዲስ ሰው የለምና። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው ተረት ስለ አጥሩ ጥንካሬ አንዳች አይናገርም፤ ነገሩን ሁሉ የጣለው ባለቤቱ ላይ ነው። ባለቤቱ ያላወቀውን አጥር፣ እሾህም ይሁን ሴንሰር፣ ሌባ ቀድሞ ያውቀዋል።

እንግዲህ መረከብ ማለት ምንድን ነው? ከውሻው የተማርነውን መድገም ነው። በእጅ ማብላት፦ የፋብሪካውንም የገጣሚውንም ኮድ አጥፍቶ የራስን ማስገባት፤ የባትሪውን ዕድሜ በቆላ ዓመት መቁጠርና ቀኑን ላዩ ላይ መጻፍ። ድምፅ ማስለመድ፦ ሲም ካርዷን በራስ ስም ማውጣት፣ የሚደወልላቸውን ቁጥሮች መለወጥ፣ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሆን ብሎ እያንዳንዱን በርና መስኮት እየነኩ ማስጮህ፤ ለጎረቤትም «ዛሬ ሙከራ ነው፣ ከነገ ጀምሮ እውነት ነው» ማለት። ከዚያ በኋላ አንድ ማታ የቀድሞው ባለቤት ያንን የረሳውን ጀሪካን ሊወስድ መጥቶ፣ እንደለመደው የጎኑን በር ገፋ ሲያደርግ ሳይረኑ ከተማውን ቢያናጋው፣ ሽያጩ ያን ጊዜ ገና ተፈጸመ። እርሱም ደንግጦ ጀሪካኑን ቢጥል እንኳ ቅር ሊለው አይገባም፤ ደህና ውሻ ነበር የሸጠው።